ጋራዥን ከሥሩ የሚያነሳው ብርድ፤ ቁፋሮ ይሻላል ወይስ ፎም?

በአሜሪካ ሚኒሶታ ክፍለ ግዛት ጋራዥ ለመሥራት የተነሳ ሰው ከግድግዳና ከጣሪያው በፊት ኪሱን የሚፈትነው ከመሬት በታች ያለው ሥራ ነው። (በዚያ አገር ጋራዥ ሲባል መኪና የሚጠገንበት ሳይሆን መኪና የሚያድርበት የግቢ ክፍል መሆኑ ልብ ይሏል።) የክፍለ ግዛቱ የግንባታ ደንብ የመሠረትን ጥልቀት በሁለት ቀጣና ከፍሎ በደቡቡ 42 ኢንች፣ በሰሜኑ 60 ኢንች እንዲሆን ይጠይቃል። የኋለኛው አንድ ሜትር ተኩል ገደማ መሆኑ ነው። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ከተሞች ለሚኖሩት በርካታ ኢትዮጵያውያን ይህ እንግዳ ጉዳይ ነው። በአገር ቤት ውርጭ ሰብል ያቃጥላል እንጂ ቤት አያነሳም፤ መሠረት በማንቀሳቀስ የሚታወቀው ዋልካ አፈር ነው።

ብዙዎች እንደሚያስቡት ጥፋቱ ውሃ ሲቀዘቅዝ በመፋፋቱ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ የሚጨምረው 9 በመቶ ያህል ነው። ዋናው ተንኮል ሌላ ነው። ደለልነት ያለው አፈር፣ የኩራዝ ክር ላምባ እንደሚስብ ሁሉ፣ ከታች ያለውን እርጥበት ወደ ቀዘቀዘው ክፍል ይስባል። ውሃው እዚያ እየደረሰ ይጋገርና አንዱ የበረዶ ንብርብር በሌላው ላይ እየወፈረ መሬቱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ወለሉ ይሰነጠቃል፣ በሩ አልዘጋ ይላል፤ ከቤቱ ጋር የተያያዘ ጋራዥ ከሆነ ደግሞ ጥልቅ መሠረት ካለው ቤት እየተላቀቀ ይሄዳል። ለዚህ ሦስት ነገሮች መገናኘት አለባቸው፤ ብርድ፣ ውሃና ውሃ ሳቢ አፈር። አንዱ ከጎደለ ችግሩ የለም።

ጥልቅ ቁፋሮ መሠረቱን ብርድ ከማይደርስበት ቦታ ያወርደዋል። ሁለተኛው መንገድ ግን ብርዱ ወደ መሠረቱ እንዳይወርድ መከልከል ነው። በስካንዲኔቪያ አገሮች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተስፋፍቶ በሥራ ላይ ቆይቷል። በአሜሪካም የቤቶችና ከተማ ልማት መሥሪያ ቤት በ1994 የንድፍ መመሪያ አውጥቶለታል። ለሚሞቅ ሕንፃ፣ በአሜሪካ የመኖሪያ ቤቶች ሞዴል ደንብ መሠረት፣ ጠርዙ በፎም ከተከለለ የመሠረቱ ጥልቀት እንደ ብርዱ መጠን ከ12 እስከ 16 ኢንች ቢሆን ይበቃል።

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ይህ አነስተኛ ጥልቀት የታሰበው ውስጡ በአማካይ ከ64 ዲግሪ ፋረንሃይት (18 ሴንቲግሬድ ገደማ) በታች ለማይወርድ ሕንፃ ነው። ከወለሉ የሚወርደው ሙቀት መሬቱን ስለሚያሞቀው ፎሙ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ቢይዝ ችግር የለውም። የጋዝ ሒሳብ የከበደው ባለቤት ማሞቂያውን አጥፍቶ ከርሞ እንደሆነ ግን ሒሳቡ ፈረሰ። ለማይሞቅ ጋራዥ ፎሙ ከወለሉ ሥር በሙሉ ይነጠፍና ከግድግዳው አልፎ ወደ ውጭ ይዘረጋል፤ የሚጠብቀው ከምድር ውስጥ የሚወጣውን ሙቀት ነውና። ስለዚህ ማሞቅ ላይ የማይቆርጥ ሰው ለማይሞቅ ቢያሠራ ይሻለዋል።

የዋጋው ልዩነት ቀላል አይደለም። 24 በ24 ጫማ የሆነ ጋራዥ ወለሉ 576 ካሬ ጫማ ነው። ባለ 4 በ8 ጫማ ፎም 18 ሰሌዳ ይፈልጋል። ፎሙ ዙሪያውን 4 ጫማ ወደ ውጭ ቢዘረጋ ደግሞ 32 ይደርሳል። ስፋቱና ውፍረቱ እንደየከተማው ብርድ ከሠንጠረዥ የሚወጣ በመሆኑ ያለ መሐንዲስ በግምት መግዛት አይገባም።

ገዢ ውፍረት ብቻ አይቶ ዋጋ ማወዳደር የለበትም። ኤክስፒኤስ የሚባለው ፎም በኢንች 5 አር፣ ነጩ ባለ ፍሬ ፍሬ ኢፒኤስ 4 አር ገደማ ይይዛል። አር የሙቀት ማገጃ አቅም መለኪያ ነው። ዋጋውን ለአሩ ማካፈል እውነተኛውን ርካሽ ያሳያል። ሁለተኛው ጥያቄ ሸክም ነው። መኪና የሚቆምበት ወለል ሥር የሚገባ ሰሌዳ በኢንች ካሬ ስንት ፓውንድ እንደሚሸከም ከጽሑፉ ይነበባል፤ ባለ 25፣ ባለ 40ና ባለ 60 አሉ። ግድግዳውን የሚሸከመው ጠርዝ ሥር የሚገባውን መሐንዲሱ ይምረጥ።

ፎም ብቻውን አያድንም። ከሥሩ ውሃ የማይዝ ጠጠር ይነጠፋል፤ የጣሪያው አሸንዳ ውሃውን ራቅ አድርጎ መጣል አለበት። ብርድ ከሁለት ወገን የሚገባበት ማዕዘን ወፍራም ፎም ይፈልጋል። ከመሬት በላይ የሚታየው ክፍል ፀሐይ ስለሚበላው በሲሚንቶ ልስን ወይም በቆርቆሮ ይሸፈናል።

ከቤት ተነጥሎ የሚቆም፣ ከ600 ካሬ ጫማ የማይበልጥ ቀላል የእንጨት ጋራዥን ሞዴሉ ደንብ ከዚህ ግዴታ ነፃ ያደርገዋል። የ576 ካሬ ጫማው ባለቤት በዚህ ሊጠቀም ይችላል፤ ነገር ግን ነፃ የወጣው ከደንቡ እንጂ ከብርዱ አይደለምና አፈሩ ደለል ከሆነ ወለሉ በየዓመቱ ይነሳል፣ ይወርዳል። ከተሞች የየራሳቸው ማሻሻያ ስላላቸው ፎሙ ከመገዛቱ በፊት የግንባታ ፈቃድ ክፍሉን መጠየቅ ይቀድማል።