«ሆዴን ቆረጠኝ» የሚለው ልጅ

ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ እናት ወደ ሥራ፣ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ለመውጣት በሚጣደፉበት ሰዓት፣ በብዙ የከተማ ቤቶች ውስጥ አንድ ዓይነት ቃል ይሰማል። «እማዬ፣ ሆዴን ቆረጠኝ።» ተናጋሪው የ6 ዓመት ሕፃን ሳይሆን ጢሙ ማጎንቆል የጀመረ የ15 ዓመት ጎረምሳ፣ ወይም ቁመቷ ከእናቷ የተስተካከለ ኮረዳ ነች። እናት ጤና አዳም ታጠጣለች፤ ፌጦ ታዘጋጃለች፤ ሳይሻለው ሲቀር ደግሞ ከሥራ አስፈቅዳ ወደ ክሊኒክ ትወስደዋለች። ሰገራ ይመረመራል፤ ደም ይታያል። አንድ ጊዜ ጃርዲያ ነው ይባላል፤ ሌላ ጊዜ ታይፎይድ ነው ተብሎ መድኃኒት ይታዘዛል። ልጁ መድኃኒቱን ጨርሶ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ሕመሙ ይመለሳል።

በመሠረቱ ልጁን ማስመርመሩ ተገቢ ነው። የአንጀት ትላትልና የጨጓራ ሕመም በአገራችን ብዙ ልጆችን የሚያጠቁ በመሆናቸው፣ ሐኪም ሳያየው «ይህ የመንፈስ ጭንቀት ነው» ብሎ መደምደም አይገባም። ነገር ግን ምርመራው ምንም ሳያገኝ ሲቀር፣ ወይም መድኃኒቱ ተደጋግሞ ሳይፈይድ ሲቀር፣ እናት ልታስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ይኸውም የሕመሙን ቀንና ሰዓት ነው። አሜባ ቅዳሜና እሑድን አያውቅም። ዓርብ ማታ የሚሻለው፣ ቅዳሜ ኳስ ሲጫወት የሚውለው፣ እሑድ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ የሚያቅለሸልሸው ልጅ ሕመሙ ከሆዱ የሚነሣ አይደለም። እንዲህም ሲባል ልጁ ይዋሻል ማለት አይደለም። ቁርጠቱ እውነተኛ ቁርጠት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰው አካል አደጋ ሲመጣበት ለመሸሽ ወይም ለመታገል የሚዘጋጅበት ሥርዓት አለው። አድሬናሊን የተባለው ሆርሞን በደም ውስጥ ይረጫል፤ ልብ ይመታል፤ ትንፋሽ ይፈጥናል፤ ደም ከሆድ ዕቃ ተቀንሶ ወደ ጡንቻዎች ይሄዳል። ጅብ ለሚያሳድደው ሰው ይህ እጅግ ጠቃሚ ነው። ችግሩ የሚመጣው አካሉ የሒሳብ ፈተናንና የክፍል ጓደኞችን ሳቅ እንደ ጅብ መቁጠር ሲጀምር ነው። ያን ጊዜ ሆድ ይቆርጣል፣ ራስ ይወቅራል፣ እጅ ያልባል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። በአፍላ የጉርምስና ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ ደግሞ አንጎሉ ገና በማደግ ላይ ስለሆነ፣ የድንጋጤው ክፍል ቀድሞ ሲጠነክር የሚያመዛዝነውና የሚያረጋጋው ክፍል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ መብሰሉን ይቀጥላል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ልጆች ከ7ቱ አንዱ የአእምሮ ጤና እክል ያጋጥመዋል፤ ከእነዚህም ውስጥ ጭንቀት በብዛት ከሚታዩት አንዱ ነው።

በቋንቋችን «ጭንቅ» የሚለው ቃል ለምጥም ይነገራል። ወልዳ ያየች እናት ጭንቅ ምን እንደሆነ ማንም ሊያስረዳት አያስፈልግም። ታዲያ ይህችው እናት ልጅዋ «ጨነቀኝ» ሲላት «ምን ጎድሎብህ ነው? በእኔ ጊዜ መቼ ደብተር ነበረ?» ብላ ስትመልስለት መስማት የተለመደ ነው።

በእናቶቻችን ጊዜ ብዙ ነገር እንዳልነበረ እሙን ነው። ይሁን እንጂ የዛሬ ልጆች የተሸከሙትን ሸክም በሚዛኑ ማየት ያስፈልጋል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን እንውሰድ። ዛሬ ዕድሜያቸው ከ45 ዓመት በላይ የሆኑ እናቶች የተፈተኑት ማትሪክ ነው። ከእነርሱ በኋላ የመጡት እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ በ10ኛ ክፍል አንድ ብሔራዊ ፈተና፣ በ12ኛ ደግሞ ሌላ ይፈተኑ ነበር። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የፈተናው ወረቀት ቀድሞ ወጥቶ በመሠራጨቱ ፈተናው ተሰርዞ ከሳምንታት በኋላ እንደገና ተሰጠ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ በዚያው ዓመት ሊፈተኑ የነበሩት ተማሪዎች እስከ 2013 ዓ.ም. ቆዩ። ስርቆትንና ኩረጃን ለማስቀረት ሲባል ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ እዚያው እያደሩ መፈተን ጀመሩ። እርምጃው ተገቢ ነበር ብለን እናምናለን፤ ለደከመ ተማሪ ከኩረጃ የከፋ በደል የለምና። ውጤቱ ግን አገር አስደነገጠ። ለፈተና ከተቀመጡት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ቁጥር ከ1,000 በላይ ነበር።

እስቲ እነዚህን ቁጥሮች ከቤታችን ወለል ላይ ሆነን እንያቸው። በአንድ ሰፈር ካሉ 100 ተፈታኞች 96ቱ ሳያልፉ ከቀሩ፣ የ96 እናቶች ልጆች በአንድ ጊዜ ሰነፎች ሆኑ ማለት ነውን? የመምህር፣ የመጻሕፍት፣ የቋንቋና የመሠረት ትምህርት ችግር በአንድ ዓመት የማይፈታ መሆኑን ትልልቆቹ ሰዎች እናውቃለን። የ11ኛ ክፍሉ ልጅ ግን ይህን አያውቅም። እርሱ የሚያውቀው ታላቅ ወንድሙ ውጤቱን ያየ ዕለት ቤቱ እንዴት እንደ ለቅሶ ቤት ጸጥ እንዳለ ነው። «ተስፋችን አንተ ነህ» የምንለውም ከፍቅራችን ብዛት ነው፤ ነገር ግን በ17 ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ የቤት ኪራይ፣ የታናናሾች ትምህርትና የእናት ጡረታ የሚጫነው በዚህችው ቃል ነው። ከ50 በመቶ በታች ላመጡ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ የማካካሻ ትምህርት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሰጥ ቆይቷል፤ የቴክኒክና ሙያ ትምህርትም አለ። እነዚህን መንገዶች ከፈተናው በፊት በእርጋታ ቁጭ ብሎ ከልጁ ጋር መነጋገር ስንፍናን ማበረታታት አይደለም። ሌላ በር እንዳለ የሚያውቅ ልጅ ፈተናው አዳራሽ ውስጥ እጁ ሳይንቀጠቀጥ ይጽፋል።

ስለ እንቅልፍም ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ከ13 እስከ 18 ዓመት ዕድሜ ያለው ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት እንደሚገባው የእንቅልፍ ሐኪሞች ይመክራሉ። በዚህ ዕድሜ እንቅልፍ የሚያመጣው ሆርሞን ከትልልቆቹና ከሕፃናቱ ዘግይቶ ስለሚመነጭ፣ ጎረምሳው በጊዜ ተኛ ቢባል እንቅልፍ አይመጣለትም፤ ጠዋት ደግሞ ትምህርት አይጠብቀውም። በዚህ ላይ ሞባይሉን ከራስጌው አድርጎ በቴሌግራም «ፈተናው ተቀየረ»፣ «ውጤት ሊለቀቅ ነው» የሚለውን ወሬ ሲከታተል፣ በቲክቶክ የሌላውን ልጅ ልብስና ቤት ሲያይ ሌሊቱ ይጋመሳል። ሞባይሉን ነጥቆ መደበቅ ጠብ ብቻ ነው የሚያተርፈው። የእናትም፣ የአባትም፣ የልጆችም ስልክ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ አንድ ቦታ፣ ለምሳሌ ቴሌቪዥኑ ካለበት ቁም ሣጥን ላይ እንዲቀመጥ መስማማት ግን ይቻላል። የአባት ስልክ ከመደርደሪያው ከቀረ ስምምነቱ እንደማይጸና ከወዲሁ እንናገራለን። «ለጥናት» ተብሎ የሚቃመው ጫትም የባሰ ነው። ልብን ያስመታል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ በማግስቱ መንፈስን ይጥላል፤ ለሚጨነቅ ልጅ እሳት ላይ ጋዝ እንደ መጨመር ይቆጠራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ሆዱን የቆረጠው ልጅ ሰኞ ጠዋት ምን ይደረግ?

በምናውቃት አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ቤት የሆነውን ብንተርከው ሳይሻል አይቀርም። የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጅዋ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ቆማ ስታነብ ተሳሳተች፤ ክፍሉ ሳቀ። በማግስቱ ሆድዋን አመማት። እናት አዘነችና «ዛሬ ዕረፊ» አለቻት። ልጅቷ ወዲያውኑ ተሻላት፤ ስንዴም ስትቆላ፣ ቡናም ስታፈላ ዋለች። በሦስተኛው ቀን ግን ዩኒፎርሙን ገና ስታየው አስመለሳት። አባት ተቆጣ፣ ቀበቶም አነሣ። እናት መሐል ገባች። በዚህ ሁኔታ ሦስት ሳምንት አለፈ።

የሥነ ልቡና ባለሙያዎች ይህን በሚገባ ያውቁታል። የሚያስፈራውን ነገር ስንሸሽ ወዲያው እፎይ እንላለን፤ ያ እፎይታ ግን አካልን «መሸሽ ነው የሚያድነኝ» ብሎ ያስተምረዋል። በሚቀጥለው ቀን ፍርሃቱ አድጎ ይጠብቃል። ስለዚህ የእናት ርኅራኄ ብቻውን፣ የአባትም ቀበቶ ብቻውን አልሠሩም። የመጀመሪያው መሸሺያ ሰጣት፤ ሁለተኛው ሌላ የሚያስፈራ ነገር ጨመረባት።

እናትየዋ በኋላ በሐኪም ምክር ያደረገችው እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ከክፍል ኃላፊው መምህር ጋር ተነጋገረች፤ መምህሩም ለጥቂት ጊዜ ልጅቷን ክፍል ፊት አስነሥቶ እንዳያስነብባት ተስማማ። በመጀመሪያው ሳምንት ልጅቷ ዩኒፎርም ለብሳ ከእናቷ ጋር እስከ ትምህርት ቤቱ በር ሄዳ መመለስ ብቻ ነበር ሥራዋ። ከዚያ ቤተ መጻሕፍት ገብታ አንድ ሰዓት መቀመጥ። ከዚያ የምትወደውን የባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ መግባት። ልብዋ ሲመታ አየር በአፍንጫዋ እስከ 4 እየቆጠረች እንድትስብ፣ እስከ 6 እየቆጠረች ቀስ ብላ እንድታወጣ ተማረች፤ ፍርሃቱ እንደ ማዕበል ወጥቶ በራሱ የሚወርድ መሆኑን ያየችውም በዚሁ ጊዜ ነው። ሁለት ቀን ወደ ኋላ ተመልሳለች፤ አልቅሳለችም። ሙሉ ቀን መማር የጀመረችው በሰባተኛው ሳምንት ነበር። እናትየዋ በየጠዋቱ አርፍዳ ስለገባች ከአለቃዋ ማስጠንቀቂያ ደርሷታል፤ አባት የማታ ፈረቃውን ቀይሮ በሳምንት ሁለት ቀን ልጅቷን ማድረስ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ቀድሞም ማድረግ ይችል ነበር። ልጅን ማሳደግ የእናት ብቻ ሥራ የሚመስላቸው አባቶች ዛሬም ጥቂት አይደሉም።

ከልጅ ጋር ለመነጋገር ፊት ለፊት አስቀምጦ «ምን ሆንህ? ተናገር!» ማለት አይረዳም። ጎረምሳ እጁ ሥራ ሲይዝ፣ ሽንኩርት ሲልጥ ወይም ከእናቱ ጋር ከታክሲ ወርዶ ሲራመድ የተሻለ ያወራል። ወንዶች ልጆች ጨነቀኝ ማለትን እንደ ነውር ስለሚቆጥሩ ብዙውን ጊዜ ጭንቀታቸው የሚወጣው በቁጣና በር በመደርገም ነው። ሴቶች ልጆች ደግሞ በየወሩ ሁለት ሦስት ቀን ከትምህርት የሚቀሩ ከሆነ፣ ከጭንቀቱ በፊት የንጽሕና መጠበቂያ ማግኘታቸውንና የትምህርት ቤታቸው መጸዳጃ ቤት ውኃና መዝጊያ ያለው መሆኑን መጠየቅ ይቀድማል። ቤቱ ኮንዶሚኒየምም ሆነ አንድ ክፍል ኪራይ፣ ግድግዳው ስስ ነው፤ ሌሊት በሹክሹክታ የምንነጋገረውን የኪራይ ጭማሪና የዘይት ዋጋ ልጆች ይሰሙታል። ጨርሶ ከመደበቅ ይልቅ «ችግሩ አለ፤ እኔና አባትህ እንወጣዋለን፤ ያንተ ድርሻ ትምህርትህ ነው» ብሎ በግልጽ መንገር ያሳርፋቸዋል።

ጭንቀቱ ከሳምንታት በላይ ከዘለቀ፣ ልጁ ምግብና እንቅልፍ ከተወ፣ ከጓደኞቹ ከራቀ፣ ትምህርቱን ካቆመ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። «መኖር ሰልችቶኛል» የሚል ቃል ከልጅ አፍ ከወጣ ግን ሳምንት አይጠበቅም። ይህን ቃል ማስፈራሪያ ነው ብሎ ማለፍ አደገኛ ነው። ራሱን ሊጎዳ አስበህ ታውቃለህ ወይ ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያስተምረውም፤ ያስተነፍሰዋል። በዚያው ቀን ወደ ሕክምና መውሰድ፣ እስከዚያውም ብቻውን አለመተው፣ መድኃኒትና የተባይ መርዝ ከቤት ማራቅ ይገባል።

በአዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ስሙ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። «ልጄ አማኑኤል ታየ ቢባል ጎረቤት ምን ይለኛል» የሚሉ እናቶች ብዙ ናቸው። በሌሎች ትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች ስላሉ ለቤት በሚቀርበው መጀመር ይቻላል። ጠበል የሚወስዱ ቤተሰቦችም ጠበሉን ሳይተዉ ሐኪም ማየት ይችላሉ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ለታዳጊ ልጅ የሚሰጠው ሕክምና ሁልጊዜ ክኒን አይደለም። ለቀላል ጭንቀት አብዛኛውን ጊዜ የሚቀድመው ምክርና ልምምድ ነው። መድኃኒት ከታዘዘም ያለ ሐኪሙ ፈቃድ መጨመርም ማቋረጥም አይገባም።

ወደ ሐኪሙ ክፍል ሲገቡ የልጁን የሕመም ቀናት የጻፉበትን ወረቀት ይዘው ይሂዱ፤ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደጀመረው፣ በየትኛው ቀን እንደተወው። ከዚያም ሐኪሙ ባይጠይቅዎት እንኳ ለ10 ደቂቃ ያህል ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጡና ልጁ ብቻውን ያውራ።