«ሂስፓኒክ ነዎት?» የምትለው ፎርምና የስኳር በሽታ

አሜሪካ ሐኪም ቤት የሄደ ሁሉ ያውቃታል፤ ገና ከበሩ «ሂስፓኒክ ነዎት?» ትላለች ፎርሟ። እኔ «አይደለሁም» ላይ ምልክት አድርጌ አልፋታለሁ። ለመሆኑ ይህች ጥያቄ ስለ በሽታ ምን ትነግራለች?

እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ከ8,000 በላይ የሜክሲኮና የላቲን አሜሪካ ሰዎችን የመረመረ ጥናት ወጣ። «ኤስኤልሲ16ኤ11» በተባለ ጂን ላይ ለሁለተኛው ዓይነት ስኳር የሚያጋልጥ ለውጥ አገኘ። ከአንድ ወላጅ የወረሰው ሰው ተጋላጭነቱ በ25 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ከሁለቱም የወረሰው በ50። ጉድ የሚያሰኘው ምንጩ ነው፦ ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት ከጠፉት ከኒያንደርታሎች የመጣ ውርስ ነው! በአሜሪካ ቀደምት ነዋሪዎች ዘሮች ዘንድ በብዛት ሲገኝ፣ በአውሮፓና በአፍሪካ ግን ብርቅ ነው።

ታዲያ ሂስፓኒክ ሁሉ አንድ ነው? ኧረ የለም። በብሮንክስ፣ በቺካጎ፣ በማያሚና በሳንዲያጎ 16,000 ያህል ሰዎችን ያካተተው ጥናት በ2014 ባወጣው ውጤት፣ ስኳር ያለባቸው ከሜክሲኮ ተወላጆች 18 በመቶ ገደማ፣ ከደቡብ አሜሪካ ተወላጆች ግን 10 በመቶ ገደማ ነበሩ። እርግጥ አመጋገብና ኑሮም አለበት። የካሪቢያን ሂስፓኒኮች ደግሞ በባርነት ከተጋዙ ምዕራብ አፍሪካውያን አያቶቻቸው ለኩላሊት በሽታ የሚያጋልጡ የ«አፖል1» ጂን ለውጦችን ወርሰዋል።

እኛስ? «ጥቁር» የሚለው ላይ ምልክት እናደርጋለን። በ2011 የታተመ ጥናት ግን እነዚያን የ«አፖል1» ለውጦች በመረመራቸው ኢትዮጵያውያን ላይ አላገኛቸውም።

ሐኪሜ ፎርሟን ወደ ጎን ብሎ «እናትህ ስኳር ነበረባቸው?» ሲለኝ ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው።