ግቢዎን ሊሾ ሲያደርጉ ጎረቤትዎን እንዳያሰጥሙ!

«ጎረቤቴ ግቢውን ሙሉ በሙሉ ሊሾ አስደረገው፡፡ ከዚያ ወዲህ ዝናብ በመጣ ቁጥር ጎርፉ የሚገባው እኔ ጓዳ ነው፡፡ ብነግረው ‹ዝናቡን እኔ አላዘነብኩት› አለኝ፡፡ ይኸው ሰላምታም አቋርጠናል!»

ይህን ያጫወቱኝ አንዲት የጎንደር እናት ናቸው፡፡ እስቲ ውድ አንባቢያን ፍረዱ፤ ጥፋቱ የማን ነው?

እርግጥ ነው፣ ዝናቡን ሰውየው አላዘነበውም፡፡ መሬቱን የደፈነው ግን እሱ ነው፡፡ ሒሳቡን አብረን እናስላው፡፡ 100 ካሬ ሜትር ግቢ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 1,000 ሊትር ውሃ ይሆናል፡፡ አምስት በርሜል ማለት እኮ ነው! አፈር ቢሆን የቻለውን ያህል ይጠጣዋል፡፡ ሊሾ ግን ለታችኛው ቤት ያስረክባል፡፡ ጎንደር ደግሞ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል፣ በዳገትና በቁልቁለት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፡፡ የአንዱ የላይ፣ የሌላው የታች ጎረቤት ያልሆነ ማን አለ?

«ታዲያ በጭቃ እንኑር ወይ?» የሚል አይጠፋም፡፡ ኧረ በጭራሽ! መላ አለው፡፡ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በጀርመኖች ድጋፍ ከድሬዳዋ ተነስቶ ብዙ ከተሞችን ያዳረሰውን ኮብልስቶን ሁላችንም እናውቀዋለን፡፡ ድንጋዩ ራሱ ውሃ አያሳልፍም፤ ምስጢሩ ያለው በድንጋዮቹ መሐል ባለው ክፍተት ነው፡፡ ክፍተቱ በሲሚንቶ ከተደፈነ ያው ሊሾ ሆነ ማለት ነው!

እንግዲህ ግቢዎን ሊያስነጥፉ ካሰቡ መሬቱን ሠላሳ፣ አርባ ሳንቲ ሜትር ያህል ያስቆፍሩ፡፡ ከታች ሻካራ ጠጠር፣ ከላዩ ደቃቁን ያስደልድሉ፡፡ ውሃው እዚያ ተጠራቅሞ ቀስ እያለ ይሰርጋል፡፡ ድንጋዩን ክፍተት እየተዉ አስደርድረው መሐሉን በደቃቅ ጠጠር ይሙሉት፡፡ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ክፍተቱን የደፈነውን አፈር ማስጠረግ እንዳይረሳ፤ አለበለዚያ ልፋትዎ ከንቱ ነው፡፡

ጥንቃቄም አለው፡፡ ከቤት መሠረትና ከሽንት ቤት ጉድጓድ አጠገብ አይሆንም፡፡ መሬቱ ዋልካ ከሆነ ውሃ ቶሎ ስለማይጠጣ ትርፉን የሚወስድ ቦይ ያስፈልገዋል፡፡

ለእኚያ እናት የምላቸው፣ ክረምት ሳይመጣ ሽማግሌ ይላኩ፤ ግን ወቀሳ ብቻ ሳይሆን መላውንም ይዘው ይሂዱ፡፡ ሊሾው ሁሉ ይፍረስ አይባልም፡፡ ከሁለቱም ቤት ራቅ ያለው ክፍል ተነስቶ በዚህ ዓይነት ቢነጠፍ እንኳ ጎርፉ ይቀንሳል፤ ወጪውንም ተመካክሮ መጋራት ይቻላል፡፡ ለሰውየውም አንድ ቃል አለኝ፡- ወንድሜ፣ ሊሾ በገንዘብ ይሠራል፤ ደግ ጎረቤት ግን ከየት ይገዛል?