ከቆሻሻ ክምር የወጣው ኦርኬስትራ

የፓራጓይ ዋና ከተማ አሱንሲዮን ቆሻሻዋን የምትደፋው ካቴውራ በሚባል ሰፈር ነው፤ በየቀኑ ከአንድ ሺህ ቶን በላይ። የሰፈሩ ሰው አብዛኛው የሚተዳደረው ከዚያው ክምር ላይ ፕላስቲክ፣ ካርቶንና ብረት ለቅሞ በመሸጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ፋቪዮ ቻቬዝ የሚባል የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ በሥራ ምክንያት ካቴውራ ገባ። ሙዚቃም ያውቅ ስለነበር የለቃሚዎቹን ልጆች ማስተማር ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ግን ተማሪው በዛ፣ መሣሪያው አነሰ። እዚያ ሰፈር አንድ ደህና ቫዮሊን ከመኖሪያ ቤት ዋጋ ይበልጣል። በእርዳታ ቢገኝ እንኳ ለልጁ ሌላ ጣጣ ያመጣል፦ ወይ ይሰረቃል፣ ወይ ቤተሰቡ ሲቸግረው ይሸጠዋል። መፍትሔው መሣሪያውን ከዚያው ቆሻሻ መሥራት ሆነ። ከቆርቆሮ የተሠራውን ሌባ አይመኘውም፣ ገበያም አያወጣም፤ ልጁ ያለ ስጋት ቤቱ ወስዶ ይለማመድበታል። ለእኔ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ነጥብ ይመስለኛል።

ከመሣሪያዎቹ ብዙዎቹን የሠራው ኒኮላስ ጎሜዝ ነው። የሰፈሩ ሰዎች ኮላ ይሉታል፤ እሱም ለቃሚ ነበር፣ እንጨት ሥራ ላይም እጁ የተፍታታ። የቀለም ቆርቆሮ የቫዮሊን ሆድ ሆነ፣ ሹካ ደግሞ የክሮቹን ጫፍ ያዘ። ከቫዮሊን የሚተልቀው ቼሎ ከዘይት በርሜል ተሠራ፤ ክሩን የሚወጥሩት ቁልፎች የተጣሉ የማዕድ ቤት ዕቃዎች ነበሩ። የውሃ ቱቦ ሳክስፎን ሲሆን ቆርኪ፣ ሳንቲምና ማንኪያ ተደርድረው ቀዳዳዎቹን ይከድናሉ። ከበሮው በቆዳ ፋንታ የተጣለ የራጅ ፊልም ተወጠረበት።

ባለ ክሮቹ መሣሪያዎች እንዴት ድምፅ ይሰጣሉ? ክር ብቻውን ሲመታ ድምፁ እምብዛም አይሰማም። የሚያጎላው ከሥሩ ያለው ባዶ ሆድ ነው፤ የክሩ ንዝረት ወደ ሆዱ ይተላለፋል፣ ውስጡ ያለው አየርም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ክራራችንም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ገጠር ላይ የዘይት ቆርቆሮ አግኝቶ ክራር የሚያበጅ ልጅ ያየ ሰው የኮላ ሥራ ብዙም አይገርመውም። ልዩነቱ ኮላ የሠራው መሣሪያ በትክክል ተቃኝቶ፣ ሞዛርት የሚጫወቱበት መሆኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 የልጆቹ ኦርኬስትራ ሜታሊካ ከተባለው ዝነኛ የሮክ ቡድን ጋር በደቡብ አሜሪካ መድረክ ላይ ወጣ። በ2015 ደግሞ ታሪካቸው «ላንድፊል ሃርሞኒክ» በተባለ ዘጋቢ ፊልም ለዕይታ በቃ። ከዝግጅቶቹ ከተገኘው ገንዘብ ለአንዳንድ ቤተሰቦች ቤት ተሠርቷል፤ ቀድመው የተማሩት ልጆችም ታናናሾቻቸውን ያስተምራሉ።

የቆሻሻው ተራራ ግን በሙዚቃ አልተነሳም። ችግሩም አላበቃም፤ ከሜታሊካ ጋር በተጫወቱበት በዚያው በ2014 የፓራጓይ ወንዝ ሞልቶ በወንዙ ዳር ያሉ ድሃ ሰፈሮችን አጥለቅልቋል። የተለወጠው፣ ሰው ለለቃሚ ልጅ የነበረው ግምት ነው፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ የወላጆቹ። ልጃቸው በየሳምንቱ ልምምድ እንዳለው ያወቁ ወላጆች ልጁን ለመልቀም ሥራ ብቻ አያስቡትም።

እኛም የአዲስ አበባውን የቆሻሻ መጣያ፣ ቆሼን፣ እናውቃለን። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከመቶ በላይ ወገኖቻችንን ቀብሯል። ልጆቻችንም ከሽቦ መኪና፣ ከአሮጌ ካልሲ ኳስ መሥራትን ከማንም አልተማሩም። በብዙ ትምህርት ቤቶች የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን ልጆቹ ከፕላስቲክ ጠርሙስ አበባ ሠርተው፣ የወላጆች በዓል ዕለት ለእንግዳ አሳይተው፣ በማግስቱ አበባው ተመልሶ ገንዳ ይገባል። ካቴውራን ከዚህ የሚለየው ዕቃው ለአገልግሎት መሠራቱና ትምህርቱ ሳይቋረጥ መቀጠሉ ነው። ክበብ የምትመሩ መምህራን፣ ከወላጆች በዓሉ በፊት በሰፈራችሁ እጁ የተፍታታ አናጢ ወይም ቆርቆሮ ሠሪ ፈልጉ። ቆራሌው ምን እንደሚጥልና ምን እንደሚገዛም ጠይቁት። ከዚያ ልጆቹ በየሳምንቱ የሚገለገሉበትን አንድ ነገር አብራችሁ ሥሩ።