ትልልቅ ፋይሎችን በድር ሰርቨር ስክሪፕት በአስተማማኝ መንገድ ስለ ማስተላለፍ

የምርምር መረጃ የሚያከማች ተቋም ሁለት ግዴታዎች አሉበት፤ ፋይሉ ፈቃድ ለሌለው ሰው እንዳይደርስ መጠበቅ፣ ፈቃድ ላለው ደግሞ በተሟላ ሁኔታ ማድረስ። ለሕዝብ ክፍት በሆነ የድር ማውጫ ውስጥ የተቀመጠን ፋይል አድራሻውን ያወቀ ሁሉ ያወርደዋል። ስለሆነም ፋይሉን ከዚያ ማውጫ ውጭ አስቀምጦ ጥያቄውን በስክሪፕት በኩል ማሳለፍ የተለመደ ነው። ይህ ጽሑፍ ፒኤችፒን በምሳሌነት ወስዶ በዚህ አሠራር የሚነሡ ሦስት ችግሮችን ያብራራል።

የመጀመሪያው የማኅደረ ትውስታ ችግር ነው። 2 ጊጋባይት የሆነን ፋይል በሙሉ አንብቦ ለመላክ የሚሞክር ስክሪፕት፣ ቀድሞ የተቀመጠለትን የ128 ሜጋባይት ወሰን ሲያልፍ ይቋረጣል። ወሰኑን ማስፋት አያዛልቅም፤ ጥቂት ሰዎች በአንድ ጊዜ ቢያወርዱ ሰርቨሩ ይጨናነቃልና። የሚሻለው ፋይሉን በትንንሽ ክፍል፣ ለምሳሌ በ8 ኪሎባይት፣ እያነበቡ ወዲያው መላክ ነው። ያን ጊዜ የማኅደረ ትውስታ ፍጆታው ከፋይሉ መጠን ጋር አያድግም።

ሁለተኛው የደኅንነት ችግር ነው። ስክሪፕቱ የፋይሉን ስም በቀጥታ ከተጠቃሚው ከተቀበለ፣ አጥቂው ወደ ላይኛው ማውጫ የሚያሻግር ምልክት በስሙ ላይ ጨምሮ የይለፍ ቃል የያዙ ፋይሎችን ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ ተጠቃሚው መለያ ቁጥር ብቻ ይላክ፤ የፋይሉ ትክክለኛ ስም ከመረጃ ቋት ይገኝ፤ ፈቃዱም በእያንዳንዱ ጥያቄ ይመርመር።

ሦስተኛው የግንኙነት መቋረጥ ነው። የኤችቲቲፒ ደንብ የፋይሉን የተወሰነ የባይት ክልል ብቻ ለመጠየቅ ይፈቅዳል። ስክሪፕቱ ይህን ክልል ተረድቶ በ206 ኮድ ካልመለሰ፣ 1.9 ጊጋባይት ያወረደ ተመራማሪ ከዜሮ ለመጀመር ይገደዳል። የተጠየቀው ክልል ከፋይሉ መጨረሻ በኋላ የሚጀምር ከሆነ ተገቢው ምላሽ 416 ነው።

ይህን ሁሉ በስክሪፕት መጻፍ ለስሕተት ያጋልጣል። ኤንጂንኤክስን የመሰሉ ሰርቨሮች ግን ስክሪፕቱ ፈቃዱን ካረጋገጠ በኋላ በምላሹ ራስጌ የፋይሉን ውስጣዊ መገኛ ብቻ እንዲጠቁም ያስችላሉ፤ ማስተላለፉንና የባይት ክልሉን ሰርቨሩ ራሱ ያከናውናል። ያ መገኛ ከውጭ በቀጥታ እንዳይጠራ ሆኖ መዋቀሩ ግን ግድ ነው፤ አለበለዚያ የፈቃድ ምርመራው ትርጉም ያጣል። በጥቅሉ፣ የመፍቀድ ሥራ ለስክሪፕቱ፣ የማድረስ ሥራ ለሰርቨሩ ሲሰጥ ምስጢራዊነትም ፍጥነትም ይጠበቃሉ።