ላፕቶፕ ይዞ ለሚወጣ የጋይንት ልጅ፦ ዱባይ፣ ኪጋሊ ወይስ ናይሮቢ?

ንፋስ መውጫ ተቀምጦ ለውጭ ድርጅት ኮድ የሚጽፍ ሰው «ለጥቂት ወራት ወጣ ብዬ ብሠራስ?» ሲል ሐሳቡ ቅንጦት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ እንጀራው በኢንተርኔት ላይ የቆመ ሰው ምን እንደሚገጥመው አይተናል። ታዲያ ወዴት? ብዙዎቻችሁ ዱባይ ትላላችሁ። እኔ ናይሮቢን አስቀድማለሁ፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ዱባይ በርቀት ለሚሠሩ የአንድ ዓመት ቪዛ አላት፤ ግን በወር ቢያንስ 3,500 ዶላር እንደምታገኙ ማስረጃ ትጠይቃለች። ለጀማሪ ይህ ሩቅ ነው። ኬንያ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ጎብኚ ቪዛ አትጠይቅም፤ ሩዋንዳም ለአፍሪካውያን እስከ 30 ቀን ክፍት ናት። ልብ በሉ፣ ያለ ቪዛ መግባት ማለት የሥራ ፈቃድ ማግኘት ማለት አይደለም። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት «በጎብኚነት ገብቼ ለሌላ አገር ድርጅት በላፕቶፕ መሥራት ይፈቀድልኛል ወይ?» ብላችሁ ኤምባሲውን ጠይቁ። ኬንያ ውስጥ በዓመት 183 ቀን የቆየ ሰው ደግሞ ለግብር እንደ ነዋሪ ይቆጠራል።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚዘነጋው ወደ ሰዓት ልምጣ! አሠሪያችሁ ኒው ዮርክ ነው እንበል፤ እነሱ ጠዋት በ3 ሰዓት ገብተው ከቀኑ 11 ሰዓት ይወጣሉ። በእነሱ በጋ ይህ በናይሮቢ ከቀኑ 10 እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፤ ከእኛ ጋር አንድ ነው። ኪጋሊ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቀር በእኛ አቆጣጠር ማታ 5 ላይ ትጨርሳላችሁ። ዱባይ ሌሊቱን 7 ሰዓት ታደርሳችኋለች። አሜሪካኖቹ በእነሱ ክረምት ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ ደግሞ በሁሉም ላይ አንድ ሰዓት ይጨመራል፤ ዱባይ ሌሊቱን 8 ሰዓት ማለት ነው። ለእንቅልፍ ኪጋሊን የሚያህላት የለም፤ 30 ቀኗ ግን ቶሎ ያልቃል።

ናይሮቢን የሚያስመርጠኝ የዕለት ኑሮዋ ነው። ሲም ካርዱን በፓስፖርት አስመዝግባችሁ ኤም-ፔሳ ስትከፍቱ፣ የቤት ኪራዩም ታክሲውም ሱኩማ ዊኪ የሚሉት የጉልት ጎመንም በስልክ ይከፈላል፤ አገልግሎቱ እዚያ ከተጀመረ እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ ከተማው ለምዶታል። እንጀራ ሲያምራችሁ ኪሊማኒ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ።

ግን ኑሯችሁን ጠቅልላችሁ አትሂዱ። ከሐምሌ 2016 በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት እጥፍ ገደማ ሆኗል። ገቢው በዶላር፣ ወጪው በብር የሆነ ሰው እዚህ ሲኖር ያተርፋል፤ ናይሮቢ ግን ኪራዩ ያንን ትርፍ ይበላዋል። ስለዚህ ሥራው በሚጠነክርባቸው ወራት ብቻ ውጡ። ከባሕር ዳር በአዲስ አበባ በኩል ትበራላችሁ፤ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ሐምሌ ላይ ዱባይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ላደገ ደገኛ ከባድ ነው። ናይሮቢ ግን በዚያው ወር ጃኬት ታስለብሳለች፤ የጋይንቱን ይዛችሁ ሂዱ።