የዕጩ ፕሬዚዳንቶችን አቋም ማነጻጸር፦ የ2008ቱ የኦባማና የማኬይን ፉክክር እንደ ማሳያ

መግቢያ

የፕሬዚዳንት ምርጫ በተቃረበ ቁጥር ጋዜጦችና የጥናት ተቋማት የዕጩዎችን አቋም ጎን ለጎን የሚያሳይ ሠንጠረዥ ያወጣሉ። በአንድ ወገን ግብር፣ ጤና፣ አካባቢ፣ ጦርነት፣ ዲፕሎማሲ የተባሉት ጉዳዮች ይዘረዘራሉ፤ በእያንዳንዱ ጉዳይ ትይዩ የዕጩዎቹ ሐሳብ በአጭሩ ይሰፍራል። መራጩ ልዩነት ባየበት ቦታ ምርጫው ለውጥ እንደሚያመጣ፣ ልዩነት ባላየበት ቦታ ደግሞ ማንም ቢመረጥ ውጤቱ አንድ እንደሚሆን ይገምታል።

ይህ ጽሑፍ የዚህን ግምት አስተማማኝነት በአንድ ማሳያ ይፈትሻል። ማሳያው በ2008 በአሜሪካ በዴሞክራቱ ባራክ ኦባማና በሪፐብሊካኑ ጆን ማኬይን መካከል የተካሄደው ምርጫ ነው። የተመረጠበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሁለቱም ዕጩዎች የሴኔት አባላት ስለነበሩ አቋማቸው በንግግር ብቻ ሳይሆን በድምፅ አሰጣጥም ተመዝግቧል። ሁለተኛ፣ ከምርጫው ወዲህ በቂ ጊዜ በማለፉ የተባለውን ከተደረገው ጋር ማስተያየት ይቻላል። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የጽሑፉ መከራከሪያ የሚከተለው ነው። የዕጩዎች አቋም ንጽጽር ትርጉም የሚኖረው «ማን ምን አለ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «የተባለውን የመፈጸም ሥልጣን በማን እጅ ነው?» የሚለው ጥያቄ አብሮ ሲጠየቅ ነው።

ዕጩዎቹ የቆሙበት ቦታ

በአገር ውስጥ ጉዳዮች ዋነኛው መለያያ ግብር ነበር። ኦባማ በዓመት ከ250,000 ዶላር በታች ገቢ ባላቸው ቤተሰቦች ላይ ግብር እንደማይጨምሩ፣ ከዚያ በላይ ገቢ ያላቸው ግን በፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ዘመን ያገኙት ቅናሽ እንዲቀርባቸው እንደሚያደርጉ ቃል ገቡ። ማኬይን ያ ቅናሽ ለሁሉም ገቢ በቋሚነት እንዲጸናና የኩባንያዎች የትርፍ ግብር ከ35 በመቶ ወደ 25 በመቶ እንዲወርድ ጠየቁ።

በጤና ረገድ ማኬይን በአሠሪ በኩል የሚገኘው የጤና መድን እንደ ገቢ ተቆጥሮ ግብር እንዲከፈልበት፣ በምትኩ ለግለሰብ 2,500 ለቤተሰብ 5,000 ዶላር የግብር ተመላሽ እንዲሰጥ አቀዱ። ኦባማ ይህን አጥብቀው ተቃወሙ። የእርሳቸው ዕቅድ መድን ለሌላቸው ሰዎች የመንግሥት ድጎማ መስጠት ነበር፤ እያንዳንዱ አዋቂ ዜጋ መድን እንዲገዛ በሕግ ማስገደድን ግን በፓርቲያቸው የውስጥ ውድድር ከሂላሪ ክሊንተን ጋር ሲከራከሩ ነቅፈውታል። በአየር ንብረት ጉዳይ ሁለቱም በካርቦን ልቀት ላይ ጣሪያ እንዲጣልና የልቀት ፈቃድ እንዲገበያይ ይደግፉ ነበር።

በውጭ ጉዳይ ኢራቅ ከሁሉ ቀዳሚ ነበረች። ኦባማ ጦርነቱን ከመነሻው የተቃወሙ ሲሆን፣ ተዋጊው ጦር ሥልጣን በያዙ በ16 ወራት ውስጥ እንደሚወጣ ተናገሩ። ማኬይን በ2002 ጦርነቱን በድምፃቸው የደገፉ፣ በ2007 ተጨማሪ ጦር እንዲላክ የታገሉ ነበሩ፤ የመውጫ ቀን መቁረጥንም ሽንፈትን እንደ መጋበዝ ቆጠሩት። ስለ ኢራን ኦባማ ያለ ቅድመ ሁኔታ ለመነጋገር ዝግጁ መሆናቸውን ሲገልጹ ማኬይን ይህን የልምድ ማነስ ምልክት ነው አሉ። በጓንታናሞ የሚገኘው እስር ቤት እንዲዘጋ ግን ሁለቱም ፈልገዋል።

ሠንጠረዡ በዚህ መልክ ቢጠናቀቅ በኢራቅ፣ በኢራን፣ በግብርና በጤና ልዩነት፣ በጓንታናሞና በአየር ንብረት ስምምነት ያሳያል። ኦባማ ኖቬምበር 4 ቀን 2008 በ365 የመራጮች ጉባኤ ድምፅ፣ ማለትም ተቀናቃኛቸው ካገኙት 173 ድምፅ ከእጥፍ በላይ በሆነ ብልጫ አሸነፉ። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ሠንጠረዡ እንዳመለከተው አልነበረም።

ስምምነት ያልፈጸመው

ኦባማ ሥልጣን በያዙ በሁለተኛው ቀን፣ ጃንዋሪ 22 ቀን 2009፣ ጓንታናሞ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲዘጋ የሚያዝ ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ፈረሙ። በወቅቱ በእስር ቤቱ 242 ሰዎች ነበሩ። ሁለቱ ዕጩዎች የተስማሙበት ጉዳይ በመሆኑ በቀላሉ የሚፈጸም መስሎ ነበር። ይሁን እንጂ እስረኞቹን ወደ አሜሪካ ምድር ለማዛወር ገንዘብ ያስፈልጋል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 1 መሠረት ደግሞ ከመንግሥት ካዝና ገንዘብ የሚወጣው በኮንግረስ ፈቃድ ብቻ ነው። በሜይ 2009 ሴኔቱ ለዚሁ የተጠየቀውን ገንዘብ 90 ለ 6 በሆነ ድምፅ ከለከለ። ከከልካዮቹ ብዙዎቹ የፕሬዚዳንቱ ፓርቲ አባላት ነበሩ።

በዚህ ተስፋ ውስጥ በፕሬዚዳንቱ እጅ የነበረውና ያልነበረው ክፍል በግልጽ ይለያል። እስረኛን ወደ ሌላ አገር መላክ በአብዛኛው የሥራ አስፈጻሚው ጉዳይ ስለነበረ፣ በኢትዮጵያ ተወልዶ የብሪታንያ ነዋሪ የነበረ አንድ እስረኛ ገና በፌብሩዋሪ 2009 ወደ ብሪታንያ ተመለሰ። ሌሎችም በየጊዜው ወደ ልዩ ልዩ አገሮች ተላኩ። እስር ቤቱን ለመዝጋት የሚያስፈልገው ቀሪው እርምጃ፣ ማለትም የተረፉትን ወደ አሜሪካ ማስገባት፣ በሕግ ታገደ። ኦባማ በጃንዋሪ 2017 ከሥልጣን ሲወርዱ 41 እስረኞች በዚያው ነበሩ።

የአየር ንብረቱም ዕጣ ከዚህ አልራቀም። የካርቦን ልቀትን የሚገድበው ረቂቅ ሕግ በጁን 2009 በተወካዮች ምክር ቤት 219 ለ 212 አለፈ። በሴኔት ክርክርን ዘግቶ ወደ ድምፅ ለመሄድ ከ100 አባላት የ60ዎቹ ድጋፍ ያስፈልግ ስለነበር ረቂቁ ለውሳኔ ሳይቀርብ በ2010 ተተወ። የሁለት ዕጩዎች ስምምነት የ60 ሴናተሮችን ስምምነት አይተካም።

ልዩነት ያልወሰነው

በሰፊው ልዩነት በታየበት በኢራቅ ጉዳይ የመውጫው ቀን የተቆረጠው ኦባማ ቃለ መሐላ ከመፈጸማቸው በፊት ነው። የቡሽ አስተዳደርና የኢራቅ መንግሥት በኖቬምበር 2008 የተፈራረሙት ስምምነት የአሜሪካ ጦር በሙሉ እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2011 እንዲወጣ ይደነግጋል። ኦባማ ተዋጊው ጦር በኦገስት 2010 ተልእኮውን እንዲያበቃ አደረጉ፤ የመጨረሻው ወታደር የወጣው ግን ቡሽ በተስማሙበት የጊዜ ገደብ፣ በዲሴምበር 2011 ነው። ጥቂት ጦር ለማስቀረት የተደረገው ድርድር የከሸፈውም በወታደሮቹ የሕግ ከለላ ላይ መግባባት ባለመቻሉ ነው። በዚህ ጉዳይ የዋሽንግተንን ያህል ባግዳድም ወሳኝ ነበረች።

ይህ ማለት ልዩነቱ ባዶ ነበር ማለት አይደለም። ማኬይን ቢመረጡ ስምምነቱ እንዲሻሻል ይበልጥ በጠነከረ ግፊት ሊደራደሩ ይችሉ ነበር። ሆኖም በሠንጠረዡ ላይ «16 ወራት» እና «ቀን የለም» ተብሎ የተቀመጠው ርቀት ሦስተኛ ወገን በድርድሩ በገባ ጊዜ እጅግ ጠብቧል።

አሸናፊው የተቃወመውን ሲፈጽም

የጤናው ሕግ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ኦባማ ማርች 23 ቀን 2010 የፈረሙት ሕግ እርሳቸው በውድድሩ ወቅት የነቀፉትን የመድን ግዴታ ይዞ ወጣ። ምክንያቱ በመድን አሠራር ውስጥ ይገኛል። ኩባንያዎች የታመመን ሰው እንዳይከለክሉ በሕግ ከተገደዱ፣ ጤነኛው እስኪታመም ድረስ መድን ሳይገዛ ሊቆይ ይችላል፤ ከፋዩ ሲያንስ ዋጋው ይንራል። ግዴታው ጤነኞችንም ወደ ቋቱ ለማስገባት የተቀመጠ ነው። ሕጉ ከዚህም ሌላ በጣም ውድ በሆኑ የአሠሪ መድኖች ላይ ግብር ጣለ፤ ይህም ኦባማ በማኬይን ዕቅድ ከነቀፉት ሐሳብ ጋር ይቀራረባል። ያ ግብር ተግባራዊ ሳይሆን ሲራዘም ቆይቶ በ2019 ተሰረዘ።

በግብርም ረገድ ሪፐብሊካኖች በኖቬምበር 2010 የተወካዮች ምክር ቤትን ካሸነፉ በኋላ ኦባማ የቡሽን ቅናሽ ለሁሉም ገቢ በሁለት ዓመት አራዘሙት። በጃንዋሪ 2013 በሕግ የጸናው ገደብም 250,000 ዶላር መሆኑ ቀርቶ ለግለሰብ 400,000፣ ለባለትዳሮች 450,000 ዶላር ሆነ።

የአፈጻጸም መንገድና የውጤት ዕድሜ

ከሥልጣን ባለቤትነት ጋር የሚታይ አንድ ተጨማሪ ነጥብ አለ፤ እርሱም የአፈጻጸሙ መንገድ ነው። የኢራንና የጤና ጉዳዮች ለዚህ ተነጻጻሪ ምሳሌ ይሆናሉ።

ኦባማ ከኢራን ጋር ለመነጋገር የገቡት ቃል በጁላይ 2015 በተደረሰው የኑክሌር ስምምነት ተፈጸመ። ዓለም አቀፍ ውል በሴኔት ለመጽደቅ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ስለሚጠይቅና ያን ያህል ድጋፍ ስላልነበረ፣ ስምምነቱ በፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ብቻ እንዲቆም ተደረገ። በዚሁ ሥልጣን ዶናልድ ትራምፕ በሜይ 2018 አገራቸውን ከስምምነቱ አስወጡ። አንድ ሰው ብቻውን የሠራውን ተከታዩ ብቻውን አፈረሰው።

የጤናው ሕግ በአንጻሩ በሴኔት 60 ለ 39 በሆነ ድምፅ፣ አንድም ሪፐብሊካን ሳይደግፈው፣ በብዙ ድካም ያለፈ ነው። ማኬይንም በጊዜው ከተቃወሙት አንዱ ነበሩ። በ2017 ፕሬዚዳንቱም ሁለቱም ምክር ቤቶችም ሪፐብሊካን በሆኑ ጊዜ ሕጉን የመሻር ሙከራ ወደ ሴኔት ቀረበ። ጁላይ 28 ቀን ሌሊት፣ የአንጎል ካንሰር እንዳለባቸው ከታወቀ ጥቂት ቀናት ብቻ ያለፉት ማኬይን፣ ከሁለት የፓርቲያቸው ሴናተሮች ጋር ሆነው የተቃውሞ ድምፅ ሰጡ። የስረዛው ሐሳብ 49 ለ 51 ወደቀ። ማኬይን ሕጉን ወደዱት ማለት አይደለም፤ የተቃወሙት ምትክ ሳይዘጋጅና በተገቢው የምክር ቤት ሥርዓት ሳይመረመር መሻሩን ነው። በሕጉ ምክንያት መድን ያገኙት ወደ 20 ሚሊዮን የሚገመቱ ሰዎች በዚያ ሌሊት መድናቸውን ያቆየላቸው በ2008 በሠንጠረዡ ተቃራኒ ዓምድ ላይ የሰፈረው ሰው ድምፅ ጭምር ነው።

ማጠቃለያ

ከማሳያው የሚወጣው ድምዳሜ የዕጩዎች ንጽጽር ከንቱ ነው የሚል አይደለም። ኦባማና ማኬይን በጤናና በኢራን ጉዳይ ይዘውት የነበረው ልዩነት እውነተኛ ነበር፤ አገሪቱም በዚያ ምርጫ የተነሣ የተለየ አቅጣጫ ይዛለች። ድምዳሜው ንጽጽሩ ተጨማሪ ሦስት ጥያቄዎች ያስፈልጉታል የሚል ነው። አቋሙ የሚፈጸመው በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ነው ወይስ በምክር ቤት ገንዘብና ድምፅ? ከአገሪቱ ውጭ ፈቃዱ የሚያስፈልግ ሌላ ወገን አለ? ከተፈጸመስ በኋላ ለመሻር ስንት ሰው ይበቃል?

እነዚህ ጥያቄዎች ሲጨመሩ የአገር ውስጥና የውጭ ጉዳይ ክፍፍል ራሱ ሌላ መልክ ይይዛል። ጓንታናሞ የውጭ ጉዳይ ተብሎ ቢመደብም የተወሰነው በአገር ውስጥ በጀት ነው። ኢራቅ በአሜሪካ መራጭ ፊት ክርክር ቢደረግባትም ቀኑ የተቆረጠው ከባግዳድ ጋር በተደረገ ድርድር ነው። በአማርኛ ቃል የእምነት ዕዳ ነው ይባላል። በምርጫ ዘመቻ ቃሉን የሚሰጠው አንድ ሰው ቢሆንም የዕዳው ከፋዮች ብዙ ናቸው። ስለዚህ የፕሬዚዳንቱን ሠንጠረዥ ያነበበ መራጭ በዚያው ቀን በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ የሚያገኛቸውን የምክር ቤት ዕጩዎች አቋምም በእኩል ትኩረት ሊያነብ ይገባዋል።